የሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተም አመራረጥ፦ ከሥራው ይነሡ፣ ዓመቱን ይቁጠሩ

ጁን 30 ቀን 2024 ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት የድጋፍ ዘመኑ አበቃ። በማግስቱ ጠዋት በእሱ የሚሠሩት ሰርቨሮች እንደወትሮው ድረ ገጽ ሲያሳዩ፣ ደመወዝ ሲያሰሉ፣ ኢሜይል ሲያመላልሱ ዋሉ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝ መድፈኛውን በነፃ አዘጋጅቶ የሚልክ አካል የለም። ድምፅ የሌለው አደጋ በመሆኑ ዛሬም በዚያው ሲስተም የሚሠራ ሰርቨር ማግኘት አይከብድም።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲመርጡ የሚወስኑት ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ለቀጣዮቹ አምስት፣ ሰባት ወይም አሥር ዓመታት ማሽንዎን ማን ይጠግንልዎታል? ፍጥነትና መልክ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ጀማሪ ድርጅት አንድ ሁለት ሰርቨር ለማቆም ለተዘጋጀ ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ሰርቨሩ የሚሠራውን ሥራ በስሙ ይጻፉ

ወረቀት ያውጡና ሰርቨሩ ላይ የሚጫነውን እያንዳንዱን ፕሮግራም ከነእትም ቁጥሩ ይጻፉ። «ለዳታቤዝ» ወይም «ለቢሮው ሲስተም» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ከዚያ የፕሮግራሙ አዘጋጅ ያወጣውን የመጫኛ ሰነድ ይክፈቱ፤ በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በየትኛው እትም ላይ ተፈትኖ ድጋፍ እንደሚሰጥበት እዚያ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ብዙ ጊዜ የምርጫው ትልቁ ክፍል በዚህ ብቻ ያልቃል።

የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያውን ኮሃን እንውሰድ። የኮሃ ኦፊሴላዊ ፓኬጆች የሚዘጋጁት ለዴቢያንና ለኡቡንቱ ነው። ሌላ ቦታ መጫን የሚቻል ቢሆንም በእያንዳንዱ ማሻሻያ ጊዜ ብቻዎን ይቀራሉ። የጤና መረጃ ማሰባሰቢያው ዲኤችአይኤስ2፣ የእኛም ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ በጃቫና በፖስትግሬስኪውኤል የሚሠራ ሲሆን የመጫኛ ሰነዱ ኡቡንቱን ይዞ ነው የሚያስረዳው። ለብዙ ደንበኞች ድረ ገጽ የሚያስተናግዱ ሰዎች የሚወዱት ሲፓናል ደግሞ አልማሊኑክስን፣ ሮኪ ሊኑክስንና ኡቡንቱን ይቀበላል፤ ዴቢያንን አይቀበልም። ዴቢያን የቱንም ያህል ቢወደድ ሲፓናል እሱ ላይ አይሠራም፣ ክርክሩ እዚያው ይዘጋል።

በአገራችን ብዙ ቢሮ ውስጥ ወሳኙ ፕሮግራም ፒችትሪ ነው፤ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው። የሂሳብ ሠራተኞቹ የሚያውቁት እሱን ነው፣ የሥራ ማስታወቂያውም እሱን ነው የሚጠይቀው። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የሂሳቡ ፋይሎች የሚቀመጡበት ማሽን ላይ የራሱ የዳታቤዝ ሞተር አብሮ ይጫናል፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ከሞተሩ ጋር እየተነጋገሩ ይሠራሉ። «ፋይሎቹን የሊኑክስ ማጋሪያ ላይ አስቀምጬ እሞክረዋለሁ» የሚል ባለሙያ ቢመጣልዎት በትሕትና ይከልክሉት። መጀመሪያ ላይ የሚሠራ ሊመስል ይችላል፤ አምስት ሰው በአንዴ ሲመዘግብ፣ በዚያ ላይ መብራት ሲቆራረጥ፣ የሚበላሸው የድርጅቱ ሂሳብ ነው። ፒችትሪ ካለ ዊንዶውስ አለ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በፕሮግራም አዘጋጆች የተሠራ የራስዎ ሲስተም ካለ ደግሞ የተጻፈበትን ዓመትና መሣሪያ ይጠይቁ። በድሮው የዶትኔት ፍሬምወርክ የተጻፈ ድረ ገጽ ዊንዶውስን ይፈልጋል። ከ2016 ወዲህ በመጣው አዲሱ ዶትኔት የተጻፈ ከሆነ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨርም ከ2017 እትሙ ጀምሮ በሊኑክስ ላይ የሚጫን ሆኗል። «ዳታቤዛችን የማይክሮሶፍት ስለሆነ ዊንዶውስ ግድ ነው» የሚለው አባባል እንግዲህ ጊዜው አልፎበታል። ፒኤችፒ፣ ፓይተን፣ ኖድ፣ ጃቫ፣ ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስኪውኤል የተጠቀመ ሁሉ ያለ ጭንቀት ወደ ሊኑክስ ይሂድ። ዶከርን የሚያስብ ሰውም እንዲሁ፤ አብዛኛው የዶከር ምስል የተሠራው ለሊኑክስ ነው።

ሥራው ፋይል መጋራት ብቻ ከሆነስ? የቢሮ ሰነዶችን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ለማጋራት ሳምባ የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ይበቃል። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ፣ ማለትም ከአራተኛው እትሙ ወዲህ፣ ሳምባ የአክቲቭ ዳይሬክተሪን የተጠቃሚዎች አስተዳደር ሥራ ጭምር መሸፈን ይችላል።

በአንድ መሥሪያ ቤት ፒችትሪም ኮሃም ሊኖር ይችላል። ሁለት ማሽን መግዛት የግድ አይደለም። ፕሮክስሞክስ የተባለውን በዴቢያን ላይ የቆመ ሲስተም ማሽኑ ላይ ጭነው በውስጡ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይፍጠሩ፤ አንዱ ዊንዶውስ ለሂሳቡ፣ አንዱ ዴቢያን ለቤተ መጻሕፍቱ። ፕሮክስሞክስን ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል፤ የሚከፈለው ለድጋፍና ለተፈተነው የማሻሻያ ማከማቻ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ስለማይነካኩ አንዱን ሲያድሱ ሌላው አይቆምም።

ሁለተኛ፦ የድጋፉን ማብቂያ ቀን ይፈልጉ

አሁን ሁለት ወይም ሦስት ዕጩ ቀርቶልዎታል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀን ይፈልጉ፤ የደህንነት ማሻሻያ የሚቆምበትን ቀን። ይህ ቀን በይፋ የሚታወቅ ነው፣ መገመት አያስፈልግም።

ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል ወር ኤልቲኤስ የሚባል የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትም ያወጣል። የእያንዳንዱ መደበኛ ድጋፍ አምስት ዓመት ነው። 22.04 እስከ 2027፣ 24.04 እስከ 2029 ይዘልቃል። በመካከል የሚወጡት ሌሎቹ የኡቡንቱ እትሞች ግን ዘጠኝ ወር ብቻ ነው ድጋፍ የሚያገኙት፤ ለሰርቨር ፈጽሞ አይንኳቸው። «የቅርብ ጊዜው ስለሆነ» ብለው የሚጭኗቸው ሰዎች ዓመት ሳይሞላ በግድ ማሻሻል ውስጥ ይገባሉ። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን ለእያንዳንዱ ቋሚ እትም ሦስት ዓመት ገደማ ሙሉ ድጋፍ ይሰጣል፤ ከዚያ የኤልቲኤስ ቡድኑ ተረክቦ በድምሩ ወደ አምስት ዓመት ያደርሰዋል። ዴቢያን 12 በ2023፣ ዴቢያን 13 በ2025 ወጥተዋል።

የሬድ ሃት ቤተሰብ ዕድሜው ይረዝማል፤ አሥር ዓመት። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 በ2022 ወጥቶ እስከ 2032 ይቆያል፣ አልማሊኑክስ 9ና ሮኪ ሊኑክስ 9ም እንዲሁ። ዊንዶውስ ሰርቨርም ወደ አሥር ዓመት ይጠጋል፤ 2016 የተባለው እትም በጃንዋሪ 2027፣ 2019 በጃንዋሪ 2029፣ 2022 ደግሞ በኦክቶበር 2031 ያበቃል። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 በኦክቶበር 2023 አብቅቷል። ዛሬ አንድ ሻጭ 2016ን «ጭኜ አስረክብዎታለሁ» ቢልዎት የቀረውን ዕድሜ ቆጥረው ይመልሱለት።

የቀኑ ቃል ሊታጠፍ እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል። ሴንትኦኤስ 8 በ2019 ሲወጣ እስከ 2029 ድጋፍ እንደሚኖረው ተነግሮ ነበር። በዲሴምበር 2020 ሬድ ሃት ሐሳቡን ለውጦ ድጋፉ በ2021 መጨረሻ እንደሚቆም አስታወቀ። ስምንት ዓመት ይቀረዋል የተባለው ሲስተም አንድ ዓመት ብቻ ቀረው፤ አዲስ ያቆሙትን ሰርቨር እንደገና ማንሣት የግድ የሆነባቸው ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ከዚያ ቁጣ ነው በ2021 አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ የተወለዱት፤ ሮኪን የጀመረው ግሬጎሪ ኩርትዘር ራሱ ከሴንትኦኤስ መሥራቾች አንዱ ነበር። ስለዚህ ከቀኑ ጎን «በዚህ ሲስተም ላይ የሚወስነው ማን ነው?» የሚለውን ይጻፉ። ዴቢያንን የሚያስተዳድሩት በድምፅ የሚወስኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ባለቤት ኩባንያ የለውም። ኡቡንቱ የካኖኒካል ነው። እኔ ረጅም ዕድሜ ላለው የሕዝብ ተቋም ዴቢያንን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአንድ ድርጅት ስብሰባ የሚሻር ቃል አይደለም።

«ዋናው አዲስ መሆኑ ነው» ለሚል ሰው ደግሞ የማርች 2024ን ነገር ላስታውሰው። ኤክስዜድ በተባለ ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም 5.6.0ና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሰርጎ ለመግባት የሚያስችል የተደበቀ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር ነው፤ በርቀት ወደ ማሽን ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ሄዶ ሄዶ ደረሰበት። በዚያን ጊዜ የተበከለው እትም የደረሰው እንደ ዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፍና እንደ ፌዶራ የሙከራ እትም ባሉት፣ አዲስ ነገር ቶሎ በሚያስገቡ ሥርጭቶች ውስጥ ነበር። ቋሚው ዴቢያን፣ የኡቡንቱ ኤልቲኤስና የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ አልተነኩም። ለሰርቨር ዘግየት ብሎ የሚመጣ ሶፍትዌር ይሻላል የምንለው እንዲህ ያለውን አይተን ነው።

ሦስተኛ፦ ሌሊት የሚጠራው ማን ነው?

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ በሰነድ የሚገኝ ነው። ይህኛው ግን እርስዎ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ማየት ይጠይቃል።

ሰርቨሩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢቆም ስልክ የሚደወልለት ማን ነው? የትኛውን ሲስተም ነው በእጁ የሠራበት? እሱ ሥራ ቢለቅስ የሚተካው ሰው በቀላሉ ይገኛል? መልሶቹን በስም ይጻፉ። በጣም ጎበዝ የሆነ አንድ ልጅ ፍሪቢኤስዲን ወዶ ሊያቆምልዎት ይችላል። ፍሪቢኤስዲ ግሩም ሲስተም ነው፤ ኔትፍሊክስ ፊልሞቹን የሚያሠራጭባቸው ሰርቨሮች በእሱ ነው የሚሠሩት፣ ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል አያያዙም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ልጁ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲሄድ በከተማዎ ውስጥ ፍሪቢኤስዲ የሚያውቅ ሌላ ሰው ከሌለ ሰርቨሩ የማይነካ ዕቃ ይሆናል፤ ማሻሻል የሚደፍር አይኖርም።

ኡቡንቱን የሚያውቅ ሰው ዴቢያንን ቶሎ ይለምደዋል፤ የፓኬጅ አያያዛቸው አንድ ነው። ከኡቡንቱ ወደ አልማሊኑክስ የሚሄድ ሰው ግን አዲስ የሚማረው አለ። በተለይ ኤስኢሊኑክስ የተባለው የደህንነት አጥር በሬድ ሃት ቤተሰብ ውስጥ ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው። ድረ ገጹ ፋይል አላነብም ሲል ልማድ ሆኖ ብዙዎች አጥሩን ጨርሰው ያጠፉታል። ባለሙያዎ «መጀመሪያ ኤስኢሊኑክስን አጠፋለሁ» ካለ፣ አልማሊኑክስ ለእሱ የሚሆን ምርጫ አይደለም፤ የዚያን ሲስተም ዋና ጥቅም ገና ሳይጀምር እየጣለው ነው።

ዊንዶውስ ሰርቨር «በመስኮትና በማውስ ስለሚሠራ ይቀላል» የሚባለውም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። መጫኑ ይቀላል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሲበላሽ ግን፣ ዲኤንኤስ ሲሳሳት ግን፣ የሚጠይቀው እውቀት ከሊኑክስ አያንስም።

አራተኛ፦ ማሽኑን ራሱን ይመርምሩ

ኪራይ ክላውድ የሚጠቀሙ ከሆነ ይህን ክፍል ይለፉት። ማሽን የሚገዙ ከሆነ ግን፣ በተለይ ያገለገለ ሰርቨር፣ እዚህ ላይ ይቆዩ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና።

በ2025 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 ኤክስ86-64-ቪ3 የተባለውን የፕሮሰሰር ደረጃ ይጠይቃል። በኢንቴል በኩል ይህ ማለት በ2013 ከመጣው የሃዝዌል ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ነው። ያገለገሉ ሰርቨሮች ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት ዴል ፓወርኤጅ አር720ና ኤችፒ ፕሮሊያንት ዲኤል380 ጄን8 የቀደመው ትውልድ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ሬድ ሃት 10 አይነሣም። ተከታዮቻቸው አር730ና ጄን9 ግን ይችሉታል። አልማሊኑክስ 10 ለቀደሙት ፕሮሰሰሮች ብሎ የተለየ እትም ያዘጋጃል፣ ዴቢያንና ኡቡንቱም ችግር የለባቸውም። ሻጩ ዘንድ ሲሄዱ የሊኑክስ ዩኤስቢ ይዘው ይሂዱ፤ ማሽኑን በእሱ አስነሥተው ኤልኤስሲፒዩ የተባለውን ትእዛዝ ይጻፉና ከሚዘረዘሩት ችሎታዎች መካከል ኤቪኤክስ2 መኖሩን ይዩ። ካለ ፕሮሰሰሩ ደረጃውን ያሟላል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ ነው። ሬድ ሃት ከ8ኛው እትም ጀምሮ የበርካታ ያረጁ የዲስክ ካርዶችን ድራይቨር አውጥቷል። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ማሽኑ ደህና ይነሣል፣ መጫኛው ይከፈታል፣ ከዚያ ዲስክ የሚመርጡበት ገጽ ላይ ባዶ ነገር ያሳይዎታል። ዲስኩ አልተበላሸም፣ ካርዱን የሚያውቅለት ጠፍቶ ነው። አልማሊኑክስ ከእነዚህ ካርዶች የተወሰኑትን መልሶ ማስገባቱ ሊመሰገን ይገባዋል። እዚያው ሻጩ ዘንድ እያሉ የሬይድ ካርዱን ባትሪም ያስፈትሹ። ባትሪው የሞተ ካርድ መብራት ሲጠፋ ወደ ዲስክ ያልደረሰ ዳታ ይዞ ሊሞት ይችላል፤ ይህን የትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም አያድንዎትም።

የኔትወርክ ካርድ በተመለከተ፣ ዴቢያን ከ12ኛው እትም ጀምሮ ካርዶቹ የሚፈልጉትን ዝግ ፈርምዌር በመጫኛው ውስጥ ጨምሮ ይመጣል። በድሮዎቹ እትሞች ሰርቨሩ መሐል መንገድ ላይ ኢንተርኔት እያጣ ያስቸግር ነበር። ኢንተርኔትዎ ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ትንሹን የኔትወርክ መጫኛ ትተው ሙሉውን የዲቪዲ ምስል አንዴ ያውርዱ። ካወረዱ በኋላ የሻ256 ቁጥሩን ከድረ ገጹ ጋር ማመሳከር አይርሱ፤ በመቆራረጥ መካከል የወረደ ፋይል ሳይታወቅ ሊጎድል ይችላል።

አምስተኛ፦ ገንዘቡን በብርም በዶላርም ያስሉ

ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ለመጠቀም አይከፈልባቸውም። የሬድ ሃት ደንበኝነት በዓመት ይከፈላል፤ ለግለሰብ የፕሮግራም ሠሪ ፈቃድ እስከ 16 ማሽን ድረስ በነፃ ይሰጣል። የኡቡንቱ ፕሮ የተራዘመ ድጋፍም ለግል ተጠቃሚ እስከ አምስት ማሽን ነፃ ነው።

የዊንዶውስ ሰርቨር ሂሳብ ከዚህ ይወሳሰባል። ፈቃዱ የሚቆጠረው በፕሮሰሰሩ ኮር ነው፤ ማሽንዎ አራት ኮር ብቻ ቢኖረው እንኳ ለ16 ኮር ይከፍላሉ። በዚያ ላይ ሰርቨሩን የሚጠቀም እያንዳንዱ ሰው ወይም ኮምፒውተር ሲኤኤል የሚባል የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሻጮች ዋጋ ሲነግሩ ሲኤኤሉን ብዙ ጊዜ አይጠቅሱትም፤ ሠላሳ ሠራተኛ ባለበት ቢሮ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፕሮክስሞክስ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን ቢጭኑትም በመደበኛው ፈቃድ የሚቆጠረው የዋናው ማሽን ኮር ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚታደስ ማናቸውም ዓመታዊ ክፍያ በጀት ላይ ምን እንዳደረገ የሂሳብ ክፍሉን ይጠይቁ።

ለመሞከር ማይክሮሶፍት የ180 ቀን የሙከራ እትም ይሰጣል። በሙከራ እትሙ ላይ ሥራ አይጀምሩ። ጊዜው ሲያልፍ ማሽኑ በየሰዓቱ ራሱን ማጥፋት ይጀምራል፤ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዋና ተቆጣጣሪነት ያቆሙት ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ገዝተው እንኳ በቀጥታ ወደ ሙሉ እትም ሊቀይሩት አይችሉም።

ክራክ የተደረገ ዊንዶውስን በሚመለከት አቋሜ ግልጽ ነው፤ ሰርቨር ላይ አይጫንም። ሕጋዊነቱን ለጊዜው እንተወውና ሥራውን ብቻ እንይ። ክራኩ ፈቃዱን ለማታለል የሲስተሙን የውስጥ ፋይል የሚነካካ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፕሮግራም ነው፤ የሚጫነውም ጸረ ቫይረሱ ጠፍቶለት፣ ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎች «ፈቃዱ ይያዛል» ብለው ማሻሻያውን ይዘጋሉ። በሜይ 2017 ዋናክራይ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች፣ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። ለፈቃድ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ መፍትሔው ሥራውን ሊኑክስ ላይ ወደሚሠራ ፕሮግራም ማዛወር ነው። ለፒችትሪው ደግሞ የፕሮግራሙ ሰነድ የሚፈቅድ ከሆነ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው አንድ ተራ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ለአነስተኛ ቢሮ ይበቃ ይሆናል፤ ያን ያረጋግጡ።

ስድስተኛ፦ ከመወሰንዎ በፊት ያሠቃዩት

ዕጩዎን በሙከራ ማሽን ላይ ይጫኑና ለጥቂት ሳምንታት እውነተኛውን ሥራ በቅጂ ዳታ ያሠሩት። ሲጭኑ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ያድርጉ፣ ሰዓቱ ከኔትወርክ እንዲስተካከልም ያብሩ። ሰዓቱ የተዛባ ሰርቨር የድረ ገጽ ሰርተፍኬት አይቀበልም፣ የምዝግብ መዝገቡም እርስ በርሱ ይጋጫል። የመስኮት ገጽታውን በሊኑክስ ላይ አይጫኑ። ራም ይበላል፣ ማሻሻል ያለበትን ነገር ያበዛል፣ ለሰርቨር ሥራም አይጠቅምም። የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሲፈጥሩ ፊደላቱ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እንዲቀመጡ አዝዘው የሠራተኞችን ስም በአማርኛ ያስገቡ፤ ከዚያ ወደ ኤክሴል አውጥተው ይዩት። በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ከመጣ አሁኑኑ ማስተካከል ይሻላል፣ ሁለት ሺህ መዝገብ ከገባ በኋላ የሚድን ነገር አይደለም።

ከዚያ መብራቱን። ይህን ፈተና ማንም መዝለል የለበትም። ዩፒኤሱ ከሰርቨሩ ጋር በዩኤስቢ ገመድ መገናኘት አለበት፤ ብዙ ቢሮ ውስጥ ዩፒኤሱ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው በኃይል ገመድ ብቻ ነው፣ የዩኤስቢው ገመድ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል። በሊኑክስ ላይ ነት የተባለውን ፕሮግራም ጭነው ባትሪው ሲያንስ ሰርቨሩን በሥርዓቱ እንዲያጠፋ ያዝዙት። አሁን የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ይንቀሉና ቆመው ይጠብቁ። ሰርቨሩ ዳታቤዙን ዘግቶ፣ ፋይሎቹን ጽፎ፣ ራሱን ማጥፋት አለበት። ሶኬቱን ሲመልሱ ሰው ሳይነካው መነሣት አለበት፤ ካልተነሣ ባዮስ ውስጥ ገብተው ኃይል ሲመለስ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ይቀይሩ። በመጨረሻ ክፉውን ያድርጉ፤ የሙከራ ዳታ እየተጻፈ ሳለ የሰርቨሩን የኃይል ገመድ ራሱን ይንቀሉ። ተመልሶ ሲነሣ ዳታቤዙ ሳይጓደል ከተከፈተ ዕጩዎ አልፏል።

ማሻሻያውንም ይሞክሩት። የዊንዶውስ ወርኃዊ ማሻሻያ በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ይወጣል፣ ክብደቱም ብዙ ነው፣ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣትም ይጠይቃል። የዴቢያን የደህንነት ማሻሻያ አነስ አነስ እያለ በየጊዜው ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ ከርነሉ ካልተነካ ማጥፋት አያስፈልግም። በእርስዎ የኢንተርኔት መሥመር የትኛው እንደሚቻል በተግባር ያዩታል። ከሦስት በላይ ሰርቨር ካለዎት ማሻሻያውን አንዴ አውርዶ ለሌሎቹ የሚያድል ማሽን ያቁሙ።

ሁሉንም አይተው አሁንም ሁለት ዕጩ እኩል ከቆመብዎት፣ የእኔ ምክር ይህ ነው። ፕሮግራሙ ዊንዶውስ ብቻ ካላለ ወደ ሊኑክስ ይሂዱ። ባለሙያዎ ኡቡንቱን የሚያውቅ ከሆነ ኡቡንቱ ኤልቲኤስ፣ አጥብቀው ረጅም መረጋጋት የሚፈልጉ ከሆነ ዴቢያን። የፕሮግራሙ ሻጭ «ሬድ ሃት ላይ ብቻ ነው የምደግፈው» ካለና ለሬድ ሃት በጀት ከሌለ አልማሊኑክስ ወይም ሮኪ፤ ግን ሻጩ እነሱን እንደሚቀበል በጽሑፍ ያስጽፉት።

ጊዜው ባለፈበት ሲስተም ላይ ከሆኑ

አዲስ የሚጀምሩ ሳይሆን ሴንትኦኤስ 7፣ ኡቡንቱ 18.04 ወይም ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ይዘው የተቀመጡ ከሆነ፣ እዚያው ላይ ደራርቦ ከማሻሻል ይልቅ አዲሱን ከጎኑ ማቆም ይመከራል። ኡቡንቱ እትም አይዘልም፤ ከ18.04 ወደ 24.04 ለመድረስ በ20.04ና በ22.04 ማለፍ አለብዎት፣ በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ነገር የሚበላሽበት ዕድል አለ።

መጀመሪያ አሮጌውን ከኢንተርኔት ያርቁት፤ ከውጭ ወደ እሱ የሚገባውን ፖርት ሁሉ ራውተሩ ላይ ይዝጉ። ሙሉ ቅጂ ይውሰዱና ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ ከፍተው መሥራቱን ያረጋግጡ፤ ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም። አዲሱን ሰርቨር ከላይ ባለው መንገድ መርጠው ያቁሙ፣ ዳታውን ያዛውሩ፣ ሁለቱንም ለሁለት ሳምንት ያህል ጎን ለጎን እያስተያዩ ያሠሩ። ዝውውሩን የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ላይ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ፈጽሞ አያድርጉት። ሠራተኛው ሁሉ ወደ አዲሱ ከገባ በኋላ አሮጌውን ከኔትወርክ ነቅለው፣ ዲስኩን ሳይደመስሱ፣ ኦዲተሮቹ የዓመቱን ሂሳብ አይተው እስኪጨርሱ ድረስ ቆልፈው ያስቀምጡት።